ልጅ ሲጫወት ወላጅ እንዴት ይተረባል?

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ኳሷ እግሩ ሥር ገባች። እኔ ከሜዳው ዳር በአንድ ትንፋሽ «አቀብል! ምታው! ተመለስ! ሰው አለ! አዙረው!» አልኩት። ልጁ ኳሷን ረግጦ ቆመ። ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረና «አባዬ፣ የትኛውን?» አለኝ። ይህን ሲለኝ ኳሷን ቀምተውት ሄዱ፤ ጎል ገባብን። የሁለቱም ቡድን ወላጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የተጋጣሚ አሠልጣኝ ጨዋ ሰው ስለሆነ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ ግን አይቻለሁ።

ባለቤቴ ሦስት ዓመት መክራ ያልዘጋችውን አፌን ያች ተረብ በአንድ ቃል ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ተረብን እንደ ሙያ ይዤዋለሁ፤ አሠራሩም ቀጥሎ ያለው ነው። ምሳሌዬ ሁሉ ከእግር ኳስ ነው፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ግን ለዋናም፣ ለጂምናስቲክም፣ ለቼዝም ይሆናል። አዎ፣ ለቼዝም፤ በብዙ የልጆች ቼዝ ውድድር ወላጅን ከአዳራሹ የሚያስወጡት በከንቱ አይደለም።

የሚያስፈልግ ዕቃ፦ ተጣጣፊ ወንበር፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ቁራጭ ቢጫ ካርቶን (ጥቅሙን ደረጃ 3 ላይ እነግራችኋለሁ) እና ሲያስፈልግ የሚዘጋ አፍ። የመጨረሻው በግዢ አይገኝም።

ደረጃ 1፦ ተረብን ከሽሙጥ ለዩ

ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ተረብ መልስ የሚጠብቅ ቀልድ ነው፤ የተተረበው ሰው የባሰውን ይመልስላችኋል፣ ተያይዛችሁ ትስቃላችሁ። ሽሙጥ ግን መልስ የለውም። ባዶ ጎል የሳተ ልጅ «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» ሲባል ምን ብሎ ይመልስ? ትንፋሹ ተቆራርጧል፣ ታኬታው ጭቃ ይዟል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው ነው። አፍ አውጥቶ መመለስ በማይችል ሰው ላይ የሚወረወር ነገር ተረብ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ኢላማችሁን ከቤት ሳትወጡ ምረጡ። ልጆች በሙሉ ክልክል ናቸው፤ የራሳችሁም፣ የሰውም፣ በተለይ ደግሞ የተጋጣሚ በረኛ። ዳኛውም ክልክል ነው። በልጆች ጨዋታ ፊሽካ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ራሱም ጢም ያላበቀለ ወጣት ነው። አሠልጣኙን መተረብ የሚቻለው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም ካሸነፈ። ታዲያ ማን ቀረ? እናንተ፣ አጠገባችሁ የቆመው ወላጅ፣ ነፋሱና ኳሷ። ይበቃል፤ እኔ ሁለት የውድድር ዓመት በእነዚህ ብቻ ኖሬአለሁ።

ደረጃ 2፦ ከራሳችሁ ጀምሩ

ሰው ላይ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን የስፖርት ታሪክ ጻፉ፤ ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ። የእኔ እንዲህ ይነበባል፦ «በትምህርት ቤቱ ቡድን ሁለት ዓመት አገልግሏል። ቦታው፦ ኳስ አጥር ስትዘል ሄዶ የሚያመጣ። የተሰለፈበት ጨዋታ፦ አንድ፣ ሰው ጎድሎ። ያስቆጠረው ግብ፦ አንድ፣ በራሱ መረብ ላይ፣ በቴስታ።» ጽሑፉ ስልኬ ውስጥ አለ። ልጄ ሪጎሬ ስቶ ደሜ ሲፈላ አውጥቼ አነበዋለሁ። እስካሁን አንድም ቀን ሳያበርደኝ ቀርቶ አያውቅም።

ከጩኸታችን ጀርባ የተቀመጠውን ሕልምም አውጥታችሁ ሳቁበት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 ሊዮኔል ሜሲ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ የባርሴሎና ኃላፊ ሊያስፈርሙት ቃል የገቡት ሶፍት ላይ ጽፈው ነው። ያ ሶፍት በሜይ 2024 ለጨረታ ቀርቦ በ762,400 ፓውንድ ተሸጧል። ታሪኩ እውነት ነው። ጣጣው ግን ከዚያ ወዲህ ስንቱ አባት ኪሱ ውስጥ ሶፍት ይዞ ሜዳ ዳር እንደሚቆም ነው። የ7 ቁጥር አባት ጉንፋን ይዞት እንኳ ሶፍቱን አይነካም፤ በእጅጌው ይጠርጋል። «ድንገት ቢመጡስ?»

በነገራችን ላይ ሜዳ ዳር ማንም ሰው ስም የለውም። ፕሮፌሰርም ሁኑ ዳይሬክተር፣ እዚያ የ7 ቁጥር አባት፣ የበረኛዋ እናት፣ የተቀያሪው አጎት ናችሁ። ለተረብ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ማዕረግ በሩ ላይ ቀርቷል።

ደረጃ 3፦ ሳይጀመር አርግቡት

እ.ኤ.አ. በ1908 ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አይጦችን በኤሌክትሪክ እየቆነጠጡ ደመቅ ያለውን ሳጥን ጨለም ካለው መለየት ያስተምሯቸው ነበር። ልዩነቱ ግልጽ ሲሆን ቁንጥጫው በበረታ ቁጥር አይጦቹ ቶሎ ይማራሉ። ልዩነቱ አስቸጋሪ ሲሆን ግን ቁንጥጫው ከልክ ሲያልፍ ትምህርቱ ይዘገያል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እየሮጡ ኳስ መቆጣጠር፣ ቀና ብሎ ጓደኛን ማየት፣ ከዚያ ማቀበል፣ ሁሉም አስቸጋሪው ሳጥን ነው። ያም ሆኖ አይጦቹ በአንድ ነገር ከልጆቻችን ይሻላሉ፤ አባታቸው ከሳጥኑ ውጭ ቆሞ «በግራ! በግራ አልኩህ እኮ!» አይላቸውም።

ስለዚህ ወደ ሜዳ ስትሄዱ የጨዋታ ስልት አታውሩ። ሆዱን የሚያመው ልጅ አሰላለፍ ሲነገረው ሆዱ የባሰ ይታወካል። ወሬውን ወደ ራሳችሁ አዙሩት። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ቢጫ ካርቶን በካርድ መጠን ቆርጬ ለልጄ ሰጠሁትና «ከሦስት ጊዜ በላይ ከጮህኩ አሳየኝ» አልኩት። ካልሲው ውስጥ፣ ከቅልጥም መከላከያው ጀርባ ሻጠው። መንገዱን ሙሉ ስለ ተጋጣሚ ቡድን ቁመት ሲያስብ የነበረ ልጅ፣ አሁን የሚያስበው እኔን እንዴት እንደሚቀጣ ነው። በ11ኛው ደቂቃ ካርዱን አውጥቶ ከመሀል ሜዳ አሳየኝ። ዳኛው ግራ ገብቶት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ በራሴ ጥፋት የተማርኩት። ስድስት ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምጸትን የሚወስደው ቃል በቃል ነው። ትንሿ ልጄ አምስት ዓመቷ እያለ ለመጀመሪያ ጨዋታዋ ስወስዳት፣ ቃል መጫወት ያማረኝ እኔ «ጎል ካላገባሽ ቤት አትገቢም!» አልኳት። ሳቅኩ። እሷም የሳቀች መሰለኝ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ማልያዋን ሳወልቅላት ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ «ታዲያ የት ልደር?» አለችኝ። ያን ሌሊት መሀላችን ነው ያደረችው፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለትንንሾች ቀልዱ በሰውነት ይሁን፦ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ውደቁ፣ ማልያዋን እናንተ ልበሱትና ጭንቅላታችሁ አይግባ። ምጸቱ ይቆይ።

ደረጃ 4፦ ሜዳ ዳር

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ከሰውየው ፊት ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ፤ ፊት ለፊት የተባለ ተረብ ጠብ ይመስላል። ጨዋታው እስኪቆም ጠብቁ። «ምን ሆነሃል?» ከማለት «ምን ሆነናል ዛሬ?» ማለት ይሻላል፤ ራሳችሁን ስትጨምሩበት መዋጥ ቀላል ነው። የሚተረበውን ሰው ስታውቁት ደግሞ የተሻለ ነው፤ የማታውቁትን ቢያንስ ሰላም ብላችሁ ጀምሩ።

ሪሞት የያዘ ወላጅ አለ፤ ልጁን እያንዳንዷን እርምጃ ከውጭ የሚነዳ። ለእሱ፦ «ወንድሜ፣ ልጁ አልታዘዝ ካለህ ባትሪው ይሆናል። እስቲ ለአምስት ደቂቃ አጥፋውና አብራው።» አምስት ደቂቃ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ልጁ በራሱ አንድ አብዶ ሠርቶ ያልፋል፤ አባትየውም መልሶ ማብራቱን ይረሳዋል።

ከዳኛ የሚጣላው የ7 ቁጥር አባት ነው። አንድ ቅዳሜ በእጅ ውርወራ ምክንያት፣ ያውም መሀል ሜዳ ላይ፣ «ዳኛ! ዓይንህ አያይም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ጠጋ ብዬ «ኧረ ቀስ፣ ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለበት» አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ዳኛውን ደግሞ አየው፦ ሸሚዙ በሁለት ቁጥር ይሰፋዋል፣ ፊሽካውን በሁለት እጁ ነው የያዘው፣ ከጎሉ ጀርባ የደብተር ቦርሳው ተቀምጧል። ሰውየው ዝም አለ። በዕረፍት ሰዓት ውሃ ይዞለት ሲሄድ አየሁት። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ልጁ ግን ሳቀ።

ይኸው ሰው ሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ኦፍሳይድ ነው!» ሲል ከርሟል። በብዙ የትንንሽ ልጆች ጨዋታ ኦፍሳይድ የሚባል ሕግ ጭራሹኑ የለም። የበረኛዋ እናት ናት የነገረችው፣ በጣም በትሕትና፦ «እሱ ሕግ የሚወጣው ልጆቻችን ሲያድጉ ነው፤ እስከዚያ አንተ ዕረፍት ላይ ነህ።»

ቫር (የቪዲዮ ዳኛ) የሆነ ወላጅም አይጠፋም፤ ሁሉን በስልኩ ቀርጾ በዕረፍት ሰዓት ለልጁ ስህተቱን የሚያሳይ። ለእሱ፦ «እስቲ ካሜራውን አንዴ ወደ ራስህ አዙረው። ፊትህን ብታየው ቀይ ካርድ ታወጣለህ።»

ልጁ ከእኩዮቹ አንድ ራስ ስለሚበልጥ ስለ ተሰጥኦ የሚሰብከውን አባት ግን በቁጥር ነው የምትተርቡት። የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በጃንዋሪ 1 ከሆነ፣ በጃንዋሪ የተወለደ ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብልጫ አለው። በስምንት ዓመት ይህ ብዙ ነው፤ ቁመትም፣ ጉልበትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የካናዳ ሆኪ ቡድኖችን ያዩ ተመራማሪዎች በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በዝተው አገኟቸው። የእኔ ልጅ የኖቬምበር ነው። ለዚያ አባት የነገርኩት ይህን ነው፦ «ያንተ ልጅ ተሰጥኦ አለው፣ አልክድም። የእኔ ተቀያሪ መሆኑ ግን የአሠልጣኙ ጥፋት አይደለም። እኔና ባለቤቴ ሁለት ወር መታገሥ ነበረብን።» ባለቤቴ ይህን ተረብ አትወደውም።

ለመተረብ የሚያስቸግረው ተንፋሹ ወላጅ ነው። አይጮኽም፣ አይሳደብም። ልጁ ኳስ ሲስት ብቻ «ኡፍፍ…» ይላል፣ ከሆዱ። ልጅ ጩኸትን ይለምደዋል፤ የአባቱን ኡፍታ ግን አርባ ሜትር ርቆ ይሰማዋል። ይህን በደንብ የማውቀው መጮኽ ባቆምኩ ማግስት እኔ ራሴ ተንፋሽ ስለሆንኩ ነው። ያዳነችኝ የበረኛዋ እናት ናት። አንድ ቀን ኡፍ ስል ዝቅ ብላ የወንበሬን እግር፣ ከዚያ ጫማዬን ተራ በተራ አየችና «እዚህ ጋ ጎማ ተነፈሰ እንዴ?» አለች። አሁንም ኡፍ ሊለኝ ሲል ጎማ ይታየኛል።

ምንም ካልሠራ ከረሜላ አለ። አልቀለድኩም። በእንግሊዝና በአሜሪካ አንዳንድ የልጆች ሊጎች ወላጅ ጨዋታውን ድምፅ ሳያሰማ የሚያይባቸው ቀናት አሏቸው፤ አፍ እንዲይዝ ብለው በእንጨት ላይ ያለ ከረሜላ ያደሉበት ጊዜም አለ። በጎን መስመር ተሰልፈው ከረሜላ የሚመጥጡ አዋቂዎችን ማየት በራሱ ለልጆቹ ዋንጫ ነው።

ደረጃ 5፦ «ያለ ጫና ሻምፒዮን አይወጣም» ለሚላችሁ

ይህን የሚል ሰው በየሜዳው አንድ አለ፤ ብዙውን ጊዜ እንደ እኔ ኳስ አመላላሽ የነበረ ነው። ኖርዌይን ጥሩለት። የአገሪቱ ስፖርት እ.ኤ.አ. በ1987 የልጆች ስፖርት ደንብ ተቀበለ፤ በ2007 ደግሞ ተሻሽሏል። በተሻሻለው ደንብ ልጆች 11 ዓመት የሚሞሉበት ዓመት እስኪደርስ የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም፤ 13 የሚሞሉበት ዓመት ሳይደርስ ብሔራዊ ሻምፒዮና የለም። የሕዝቧ ቁጥር አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። በ2022 የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ በ16 ወርቅ አንደኛ ሆና ጨረሰች። ሰውየው «እሱማ በረዶ ስላላቸው ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ በረዶውም ረድቷቸዋል። «በረዶው ግን አይጮኽም» በሉትና ወንበራችሁን አንሥታችሁ ትንሽ ራቅ በሉ።

ደረጃ 6፦ የማይቀለድበት

ልጁ በየውድድሩ ቀን ሆዴን አመመኝ ካለ፣ ታኬታውን አልጋ ሥር ከደበቀ፣ እንቅልፉ ከጠፋ፣ ሕመሙን ደብቆ ከተጫወተ፣ ወይም ድሮ የሚስቅበት ተረብ አሁን ፊቱን ካጨለመው፣ ቀልዱን አቁማችሁ ጠይቁት። መልሱንም አትጣደፉበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ልጆች በሳምንት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከስፖርቱ እንዲያርፉ፣ በዓመትም በድምሩ ሦስት ወር ያህል፣ በየአንድ አንድ ወሩ ተከፋፍሎ፣ ከዋና ስፖርታቸው እንዲለቀቁ፣ በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰኑም እስከ 15 ወይም 16 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ለማስታወስ የሚቀል ሌላ ልክ አለ፦ የሳምንቱ የሥልጠና ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ቢበዛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «አቆማለሁ» ካለም ይችላል።

ደረጃ 7፦ ወደ ቤት ስትመለሱ

መኪና ውስጥ ያለ ልጅ ቀበቶ ታስሯል፤ የትም አያመልጥም። ለዚህ ነው ወላጅ ሁሉ ትንታኔውን እዚያ የሚጀምረው። እናንተ አትጀምሩ። የተፈቀዱላችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፦ «ራበህ?» እና «ስትጫወት ማየት ደስ ይለኛል»። እ.ኤ.አ. በ2014 የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እግር ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ጨዋታን አስደሳች የሚያደርገው ምን እንደሆነ ጠይቀው 81 ነገሮች ሰብስበው ነበር። ማሸነፍ 48ኛ ወጣ። እናንተ የምታወሩት ስለ 48ኛው ነው፤ ልጁ ከዚያ በፊት ያሉት 47 ነገሮች በጭንቅላቱ እየዞሩ ሊሆን ይችላል። ዝም በሉለት።

ዝምታው ሲረዝም ተረቡን ራሱ ይጀምረዋል። ያኔ ደስ ብሏችሁ ተሸነፉ።

ባለፈው ስድስት ለዜሮ ተሸንፈን ስንመለስ እንደ መመሪያዬ ዝም ብዬ ነዳሁ። ሁለት መብራት አለፍን። ልጄ ካልሲውን እያወለቀ ከኋላ ወንበር ጀመረ።

«አባዬ፣ ዛሬ በመጀመሪያው አጋማሽ ጥሩ ነበርክ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«በሁለተኛው ግን ወረድክ። አራተኛው ጎል ሲገባ እጅህን ጭንቅላትህ ላይ አድርገሃል፣ አይቼሃለሁ።»

«ፀሐይ ነው፣ ዓይኔን እየከለልኩ…»

«ደመና ነበር።» ቢጫዋን ካርድ አውጥቶ በመስተዋቱ አሳየኝ፤ በላብ ርሳ ጫፏ ተልጧል። «በልምምድ እናስተካክለዋለን። ቅዳሜ ግን ከወንበር ነው የምትጀምረው፤ እማዬ ትሰለፋለች።»